የዘገየ መጽሐፍ ዕዳ፦ ከሶርቦን እስከ ክሊራንስ ወረቀታችን

የመታሰቢያ መጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከኛ ዘመን አንድ ነገር ጻፊልን» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስለ መምህራኖቻችን፣ ስለ ካፌው ሽሮ፣ ስለ ግቢው ፍቅር የሚጽፉ ብዙ እንደሚሆኑ ገመትኩ። እነሱ ከኔ በተሻለ ይጽፉታል። እኔ የመረጥኩት ቤተ መጻሕፍቱን ነው፤ በተለይ ደግሞ በጊዜው ሳይመለስ ስለሚቀር መጽሐፍ። ርዕሱ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ለኔ ግን 20 ዓመት ሙሉ ከሆዴ ያልወጣ ነገር ነው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ክሊራንስን የረሳ ምሩቅ ያለ አይመስለኝም። በ1997 ዓ.ም. የተመረቅን ሁሉ ያቺን ግማሽ ገጽ ወረቀት ይዘን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተናል። ፕሮክተር፣ ካፌ፣ ላቦራቶሪ፣ ንብረት ክፍል፣ ስፖርት ክፍል። የስፖርት ክፍሉ ሰውዬ፣ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ኳስ ነክቼ የማላውቀውን እኔን «ማሊያ አልወሰድሽም?» ብለው ጠይቀውኝ መልሴን ሳይሰሙ ነው የፈረሙልኝ። አብዛኛው ቢሮ እንዲሁ ነበር፤ ማኅተም ለመምታት ቀና እንኳ አይልም። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ግን ቀልድ አያውቅም። ሰርኩሌሽን ላይ የሚቀመጡት ጋሼ መነጽራቸውን ያስተካክሉና ረጅሙን የእንጨት ሳጥን ጎትተው ካርዶቹን አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። ያኔ ምንም የሌለበት ሰው ሳይቀር ልቡ ይመታ ነበር።

አሁን እያስተማራችሁ ላላችሁ ወጣት መምህራን አሠራሩን ላስረዳ፤ እናንተ የደረሳችሁት በኮምፒውተር ነው። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ትንሽ የወረቀት ኪስ ነበረች፤ ኪሷ ውስጥ ደግሞ ካርድ። መጽሐፉ ሲወጣ ካርዱ ላይ የተዋሹ መታወቂያ ቁጥር ይጻፍና ካርዱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከኪሷ ትይዩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የመመለሻው ቀን በማኅተም ይመታል። ቀኑ ሲያልፍ የሚጮህ ነገር የለም፤ መልእክት የለም፤ የሚደውል የለም። ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ ዝም ብሎ ክሊራንስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ክሊራንስ የሌለው ቴምፖ አያገኝም። ሐኪም ከሆነ ደግሞ ቴምፖ ሳይዝ ለምደባ ዕጣ አይመዘገብም። እቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ።

እኔ ሐኪም እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ዱቲ በሌለኝ ማታ፣ ይህ የዘገየ መጽሐፍ ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደነበር ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። መጀመሪያ የፈለግሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኔ የባሰ ጥፋተኛ ነበር። አገኘሁም። ሳነብ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ፦ ዩኒቨርሲቲዎች በ700 ዓመት ውስጥ ለዘገየ መጽሐፍ ያልፈለሰፉት ቅጣት የለም፤ ቅጣቱ ግን መጽሐፉን በያዘው ሰው ላይ ሲያርፍ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ከፓሪስ ልጀምር። ሮበርት ደ ሶርቦን ለድሃ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ብሎ ኮሌጁን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1257 ነው። እ.ኤ.አ. በ1290 የቤተ መጻሕፍቱ ዝርዝር 1,017 ጥራዝ ደርሶ ነበር፤ በእጅ የሚጻፍ መጽሐፍ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ኮሌጁ መጻሕፍቱን በሁለት ከፈላቸው። በብዛት የሚፈለጉት በትልቁ ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛው ጋር በሰንሰለት ታሰሩ፤ የቀሩት በትንሹ ክፍል ሆነው ይዋሳሉ። ከቤቱ ውጭ ለሚወጣ መጽሐፍ ደግሞ ከዋጋው የሚበልጥ መያዣ ማስያዝ ግዴታ ሆነ። ሕጉ ያየውን አይቶ የወጣ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ግን ማንን እንደቀጣ ተመልከቱ። መያዣ የሚያስይዘው የሌለው ተማሪ ገና ሳይዋስ ተቀጣ። በሰንሰለቱም ያላጠፋው ካጠፋው እኩል ታሰረ፤ መብራት ወደሌለው ክፍሉ ይዞት መሄድ ቀርቶ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት አይችልም።

በዚያው ዘመን በኛ አገር በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በራሳቸው ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሰው ስንት መጽሐፍ እንዳለው ጽፎ ማስቀመጥ የሚጀምረው መጥፋቱን ሲፈራ ይመስለኛል። የኛ አባቶች ሰንሰለት አልቀጠሉም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የምናየው ውግዘት ነው፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የባለቤቱን ስም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ ይቀመጣል። በአውሮፓም እንዲህ ያለ እርግማን በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ መጻፍ የተለመደ ነበር። ከሁሉም ይህኛው ፍትሐዊ ነው፤ ቢያንስ የሚያነጣጥረው በአጥፊው ላይ ነው። የሰርኩሌሽኑ ጋሼ ውግዘት ባይጽፉም ፊታቸው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጥ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ለየት ያለ ቦታ ነበር፤ የዛሬዋ ቱርክሜኒስታን ውስጥ ያለችው መርቭ። ያቁት አል ሐማዊ የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ ሲኖር ከከተማዋ ቤተ መጻሕፍት እስከ 200 ጥራዝ ድረስ ቤቱ ይወስድ እንደነበር፣ ያውም ያለ መያዣ፣ ራሱ ጽፎታል። ትልቁን የአገሮች መዝገበ ቃላቱን ያጠናከረው በዚያ ልግስና ነው። ያቁት ሞንጎሎችን ፈርቶ ከተማዋን ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1221 መርቭ ወደመች፤ ቤተ መጻሕፍቷም አብሮ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ ክፉ ነው፦ ያን ጊዜ መጽሐፍ ሳይመልስ ከከተማው የወጣ ሰው ካለ፣ ያ መጽሐፍ ተርፏል።

በኦክስፎርድ ቦድሊያን ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ቆረጡት፤ ለማንም አናውስም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1645 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ፣ ያውም በእርስ በርስ ጦርነቱ ኦክስፎርድን መናገሻው አድርጎ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ መጽሐፍ ለመዋስ ጠይቆ ተከለከለ። የኛ ጋሼ ይህን ቢያነቡ እንዴት ደስ ባላቸው! ኬምብሪጅ ግን ያውስ ስለነበር ዋጋውን ከፍሏል። የሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ መጽሐፍ ኮሎኔል ሮበርት ዋልፖል የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1668 ግድም ተውሰው ሳይመልሱ ቀሩ፤ ልጃቸው የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ሰር ሮበርት ዋልፖል ነው። መጽሐፉ ከ288 ዓመት በኋላ በቤተሰቡ የቀድሞ መኖሪያ ሆውተን አዳራሽ ውስጥ ተገኘ። ያገኙት ፕሮፌሰር ጆን ፕላም ናቸው። ቅጣት አልተጠየቀም። እንግዲህ የሚጠየቀውስ ማን ነው?

የዘገዩ ተማሪዎች ሁሉ የሚወዱት ታሪክ ያለው ግን ሃርቫርድ ነው፤ እኔም ለዓመታት ያላወራሁለት ሰው የለም። ጆን ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1638 ሲሞት 400 ያህል መጻሕፍቱን ለኮሌጁ ተናዘዘ፤ ኮሌጁም በስሙ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1764 ቦስተን ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በሽታውን ሸሽቶ ወደ ካምብሪጅ መጣና በሃርቫርድ አዳራሽ ስብሰባ ጀመረ፤ ተማሪዎቹ እረፍት ላይ ነበሩ። ጃንዋሪ 24 ሌሊት፣ በረዶ እየወረደ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድጃ የተነሳ እሳት ሕንጻውን አነደደው። ከ5,000 ያህል ጥራዝ የተረፈው 400 ገደማ ብቻ ነው። በተዘዋዋሪ ያን ቤተ መጻሕፍት ያቃጠለው ፈንጣጣ ነው ማለት ይቻላል፤ በሽታው ባይኖር ያን ሌሊት እዚያ እሳት የሚያነድ ሰው አይኖርም ነበር። ሐኪም ስለሆንኩ ይሆናል ይህን ክፍል ዘልዬ ማለፍ የማልችለው።

ከተረፉት አንዱ ከጆን ሃርቫርድ ከራሱ መጻሕፍት መካከል የነበረ፣ ጆን ዳውናም የተባለ ቄስ ስለ ክርስቲያን ተጋድሎ የጻፈው ነው። የተረፈው ኤፍሬም ብሪግስ የሚባል ተማሪ ተውሶት ስለነበር ነው፤ ያውም የመመለሻው ቀን አልፎ። ሲወራ የኖረው ተረት ተማሪው መጽሐፉን ለፕሬዚዳንቱ ሲያስረክብ ፕሬዚዳንቱ አመስግነው ወዲያው ከኮሌጁ አባረሩት ይላል። ለመባረሩ ማስረጃ የለም፤ ጨዋታ ማሳመሪያ ነው። መጽሐፉ ግን ዛሬም ሃርቫርድ አለ።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግር «አየሽ! መዘግየትም ጥቅም አለው» ይሉኝና እንስቃለን። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከእሳቱ የተረፉት መጻሕፍት የተረፉት በውሰት ወጥተው ስለነበር ወይም ገና ከሳጥን ስላልወጡ ነው። ለመትረፍ ማርፈድ አላስፈለጋቸውም። ከነሱ መካከል ስሙ በተረት የቀረው ያረፈደው ብቻ ነው፤ በቀኑ ለመመለስ ያሰበውን ሰው ማንም አያነሳውም። እኔ ደግሞ ተረቱን የወደድኩት ለራሴ መጽናኛ ስለሆነኝ ነበር።

የሚቀጥለው የሙያችን ነው። ዶክተር ዳንኤል ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1819 በሲንሲናቲ የሕክምና ኮሌጅ አቋቋመ፤ ያን ጊዜ ያ አካባቢ የአሜሪካ ምዕራብ ዳር የሚባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1823 አንድ ሰው ከሕክምና ቤተ መጻሕፍቱ የጄምስ ከሪን መጽሐፍ ተዋሰ። ከሪ የሊቨርፑል ሐኪም ነበር፤ ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ በቀዝቃዛና በሙቅ ውኃ ስለ ማከም በ1797 ያሳተመው ነው። ውኃው ይቅር፤ ትልቁ ነገር ከሪ የበሽተኞቹን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካ መመዝገቡ ነው። ዛሬ ገና በሽተኛ ሲገባ የምንጽፈውን ቁጥር ያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪም አይጽፈውም ነበር። ቴርሞሜትር የሐኪም የዕለት መሣሪያ የሆነው ጀርመናዊው ቩንደርሊክ በ1868 ትልቁን ሥራውን ካሳተመ በኋላ ነው።

መጽሐፉ የተመለሰው በዲሴምበር 1968 ነው፤ ከ145 ዓመት በኋላ። ያመጣው የተዋሹ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ቅጣቱ ተሰላ፤ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሆነ፤ ተሰረዘለት፤ ዓለምም ሳቀ፤ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ላይም ሰፈረ። በወጣበት ዓመት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ ነበር። ሲመለስ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል።

በዚህ መካከል ስንት ተማሪ ወደዚያ መደርደሪያ መጥቶ ባዶ ቦታ አይቶ እንደተመለሰ የጻፈ የለም። ኮሌራ በ1832 ሲንሲናቲ ሲገባ፣ የትኩሳት ወቅት በመጣ ቁጥር፣ ያችን ጥቂት መጻሕፍት የነበሯትን አዲስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አስቧቸው። መጽሐፉ ቢኖር አንድ በሽተኛ ይድን ነበር ልል አልችልም፤ ማንም አይችልም። ለቀኖቹ ሳንቲም ተባዝቶ ድምር ይወጣላቸዋል። ላላነበበው ሰው ግን ምን ብለህ ታሰላለህ?

የሳንቲም ቅጣቱም ቢሆን እየቀረ ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመደበኛ ውሰት ያስከፍል የነበረውን በቀን 50 ሳንቲም ቅጣት አስቀርቷል። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ርኅራኄ አይደለም። በኛ ጊዜ ቅጣቱ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። በቀን ጥቂት ሳንቲም ነበር። ገንዘብ ላለው ተማሪ ያ ቅጣት አልነበረም፤ ኪራይ ነበር። በፈተና ሰሞን ሪዘርቭ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ ሰው በየደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ፣ መክፈል የሚችለው መጽሐፉን ዶርሙ ውስጥ ፍራሹ ሥር አስቀምጦ በርካሽ ተከራየው። ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ሳንቲም የሚቆጥረው ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አያሳልፍም ነበር። በቀኑ ይመልሳል፤ ከዚያ ያ መጽሐፍ ለሌላ ሲወጣ ደግሞ ይጠብቃል።

ፍራሽ ሥር ካስቀመጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ።

ግንቦት 1995 ዓ.ም. ነው። ለኳሊፊኬሽን ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ከባቻችን ከመቶ በላይ ነበርን፤ የሮቢንስ ፓቶሎጂ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው ሦስት ኮፒ ብቻ። ከሦስቱ አንዱ መመለሱን ሰማሁ። የኔ መታወቂያ ግን ታግዷል፤ ከዚያ በፊት ያቆየሁትን የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ቅጣት አልከፈልኩም። ገንዘቡ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ሰልፉ ሰልችቶኝ ነው። የዶርም ጓደኛዬን «በመታወቂያሽ አውጪልኝ፣ በ15 ቀን እመልሳለሁ» አልኳት። «ብቻ እንዳትረሺ» አለችኝና አወጣችልኝ። ማኅተሙ ግንቦት 20 ይላል።

ፈተናውን አለፍኩ። ከሥራችን ካሉት ባቾች አንድ ልጅ «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ ኢንተርንሺፕ ገባን። በሦስት ቀን አንዴ ዱቲ፣ እንቅልፍ የለ፣ ቀንና ሌሊት አይለይ። ረሳሁት ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። አንድ ሁለት ጊዜ ዋርድ ውስጥ ትዝ ብሎኛል። ነገ እጠይቀዋለሁ እያልኩ አለፈ።

ታኅሣሥ 1997 ክሊራንስ ስንዞር እኔ ጠዋት ላይ ያቺን የቆየች ቅጣቴን ከፈልኩና ጋሼ ሳጥኑን አገላብጠው ፈረሙልኝ። በኔ ስም ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ እሷ ሄደች። ጋሼ አንድ ካርድ አወጡና «ልጄ፣ አንድ መጽሐፍ አለብሽ» አሏት። የኔን ስም አልጠራችም። «ጠፍቶብኝ ነው፣ እፈልገዋለሁ» ብላ ወጣች። ዶርም መጥታ በሩ ላይ ቆማ «የፓቶሎጂው መጽሐፍ የት ነው?» አለችኝ። እኔ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር።

ልጁ ለሌላ አውሶታል። ያኛው ለሌላ። የመጨረሻው ሰው ዊዝድሮዋል ሞልቶ ደሴ ገብቷል። ሞባይል በየሰው እጅ ያልነበረበት ጊዜ ስለሆነ በጎረቤት ስልክ ነው ያገኘነው። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ተክታችሁ አምጡ ወይም ዋጋውን እጥፍ ክፈሉ ብሎን ነበር፤ ሁለታችንም ገና ደመወዝ አልበላንም፣ እኔ ደግሞ አባቴን ለመጠየቅ ፈራሁ። ይህንንም ልጻፈው፦ ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር። ወቀሳውን ለመሸሽ ብዬ ደሴን መጠበቅ መረጥኩ። መጽሐፉ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ተልኮ የደረሰው በ19ኛው ቀን ነው። ዕጣው የወጣው በ12ኛው ነበር።

ዕጣ ዕጣ ነው፤ በጊዜው ብትመዘገብም ሩቅ ሊደርሳት ይችል ነበር። ይህንን እሷም ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ግን ታስታውሳላችሁ፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ ባለው ሳምንት ሰው ይለዋወጥ ነበር፤ ያገባው ካላገባው፣ የታመመ ወላጅ ያለው ከሌለው። የሷ አባት የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ እግራቸው ቆስሎ አልድን ብሏል። ለመለዋወጥ ቃል የገባላት ልጅ ሁሉ ነበረች። ዘግይቶ ለመጣ ግን የሚሰጠው ማንም ያልፈለገው ነው፤ የሚለዋወጠውም ሰው ተበትኗል። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአይሱዙ የሚደረስበት ቦታ ደረሳት። ሻንጣዋን የሸኘሁት እኔ ነኝ። አባቷ በኅዳር 1998 እግራቸው ተቆርጦ፣ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቶ አረፉ። እሷ የደረሰችው ለሠልስት ነው።

ይህን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች «ለበጎ ነው፤ እዚያ ስንቷን እናት አዋልዳ አተረፈች» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አትርፋለች። እዚያው አካባቢ ዓመታት ሠርታ ስሟ ተጠርቷል። ግን ያ የሷ ሥራ ነው፤ ለኔ ዕዳ ማካካሻ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ አልፈልግም። እኔ ያን ዓመት የተመደብኩት ከቤተሰቦቼ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

ከመጻፌ በፊት ደውዬ አስፈቀድኳት። «ጻፊው፤ ስሜን ብቻ እንዳታነሺ፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል» ብላ ሳቀች። ትንሽ ዝም አለችና «ለመሆኑ መጽሐፉ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ። በ20 ዓመት ውስጥ እኔ አስቤው የማላውቀው ጥያቄ ነው።

ባለፈው ወር ሄድኩ። ሰርኩሌሽን ላይ ያለው ልጅ በኮምፒውተሩ ፈልጎ አጣው፤ በጣም የቆየ ኅትመት ስለሆነ ወደ አዲሱ ሥርዓት አልገባም። ታች መጋዘን ውስጥ የሚወገዱ መጻሕፍት የተደረደሩበት አለ ብሎ ወሰደኝ። ሦስቱም ኮፒዎች አብረው ነበሩ። የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቤ ነው። ከግንቦት 20 ቀን 1995 በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 17 ማኅተም ቆጠርኩ። ከሥሩ ያለው ቀጣይ ማኅተም የካቲት 1997 ነው። በሁለቱ መካከል ምንም ክፍት ቦታ የለም፤ አንዱ ከሌላው ሥር እንደ ወትሮው ተጠጋግቶ ነው የተመታው። ቀኖቹን ካላነበቡ በስተቀር ማንም ልዩነት አያይም።

ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «እኔ የማውቀው 15 ቀን ነበር» ብላ የሚስቅ ፊት ላከችልኝ። ለሪዩኒየኑ ትመጣለች፤ መጽሐፉን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። የመጋዘኑን ልጅ እስከዚያ እንዳያስወግደው ለምኜዋለሁ።